ለሰይድ ፉጨት ብቻ የሚከፈተው ሬዲዮ

ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ሠርግ ሸዋሮቢት ወርጄ ነበር። የሸዋሮቢትን ሙቀት ለማያውቅ ሰው፣ እዚያ ዶሮ የምትጥለው የተቀቀለ እንቁላል ነው ብዬ ብነግረው ይበቃዋል። እና አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሜ ላቤን ስጠርግ፣ ጥበቃው ወገቡ ላይ የሰካት የእጅ ሬዲዮ ድንገት «ሽሽሽሽ» አለችና፣ አፏን በመዳፍ እንዳፈኗት ሁሉ ቀጥ ብላ ዝም አለች። ጥበቃው ምንም አልመሰለውም። እኔ ግን ላቤን መጥረጉን ትቼ ሬዲዮዋ ላይ አፈጠጥኩ። የያዘኝ ናፍቆት ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ቅናት ነበር። ያውም የከረመ፣ የተብላላ፣ በጋን ተደፍኖ እንደኖረ ጠጅ አናት የሚበጠብጥ የልጅነት ቅናት። ፊቴ ተለዋውጦ ኖሮ ጥበቃው «ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ወንበር ላምጣልዎ?» አለኝ። በሬዲዮ ድምፅ የሚቀና ጎልማሳ ከዚያ በፊት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ቤታችን ከአባቴ ወፍጮ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮው ሞተር በላይ ለመሰማት ሲጮህ ስለኖረ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይሆንለትም፤ ማታ ቀስ ብሎ «ደህና እደሩ» ሲል አጣዬ ያለ ሰው «ደህና እደር» ብሎ የሚመልስለት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ዝግ ያለች፣ ቃሏ ከአፏ ሲወጣ ጫማውን አውልቆ የሚራመድ የሚመስል ሴት ነበረች። እሷን የቆላ ወባ አልለቅ አላት። ክረምቱ ወጥቶ ትንኙ ሲነሣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትድናለች፣ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። በመጨረሻ ሐኪሙ «ሰውነቷ እስኪጠና ቆላውን ትልቀቅ» ብሎ ፈረደና ደብረ ሲና እህቷ ቤት ወጣች። ከግቢያችን ቆሜ አንገቴን ሳቃና የደብረ ሲና ገደልና በላዩ የተጋደመው ጉም ይታየኛል። እናቴ እዚያ ጉም ውስጥ ናት። መቼ ትመጣለች ብዬ አባቴን ስጠይቀው «ትመጣለች!» ብሎ ይጮሃል፤ እሱ ግን ዱቄትም አለቀ ሲል እንደዚያው ስለሚጮህ ከጩኸቱ ምንም ማወቅ አይቻልም። እኔ የፈለግኩት ከራሷ አፍ መስማት ነበር።

ከራሷ አፍ የሚሰማበት አንድ መንገድ ነበር፤ የሳይንስ አስተማሪያችን የጋሼ ደረጀ ሬዲዮ። ጋሼ ደረጀ ሌላው ሰው ካርታና ጠጅ ሲወድ እሱ ሽቦ የሚወድ ሰው ነበር። የሚሰማም የሚናገርም ሬዲዮ በትርፍ ጊዜው ገጣጥሞ፣ የፈቃድ ወረቀቱን በመስታወት አስደርጎ ከሠርጉ ፎቶግራፍ በላይ ሰቅሎት ነበር፤ ሚስቱ በዚህ ምክንያት ያኮረፈችው ኩርፊያ እኔ ከዚያ ትምህርት ቤት እስክወጣ አልተፈታም። የሬዲዮውን መንታ ደግሞ ደብረ ሲና ለሚኖረው ወንድሙ ለልብስ ሰፊው ለጋሼ ታደሰ ሰጥቶታል። የጋሼ ታደሰ ሱቅ ካክስቴ ቤት ፊት ለፊት ነው። እና ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ መንገዱን ተሻግራ ከስፌት መኪናው አጠገብ ትቀመጣለች፣ እኔ እዚህ ከጋሼ ደረጀ ጓዳ እቀመጣለሁ። መናገሪያው ላይ ያለችውን መጫኛ ተጭነህ ትናገራለህ፣ ለቀህ ትሰማለህ። ተጭነህ ሳለ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ቢሞትም አይሰማህም። እናቴ ይህን ደንብ በራሷ መንገድ ነው የተረዳችው፤ አንዴ ከተጫነች ሰላምታዋን፣ ወሬዋን፣ ምክሯንና ምርቃቷን አሟጣ ሳትጨርስ ጣቷን አታነሣም።

ሬዲዮዎቹ ዓመለኞች ነበሩ። የሚናገር ሰው በሌለበት ያለ ዕረፍት «ሽሽሽሽ» ይላሉ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የሞተሩ እሳት ይገባባቸውና «ጠጠጠጠ» ይላሉ፤ በአዋሽ በኩል ሲያባርቅ እንደ በቆሎ ቆሎ ይንጣጣሉ። ሙቀቱ በበረታ ቀን ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ በማናውቀው ቋንቋ የሚጣላ ሰውዬ ገብቶ ሲሳደብ ይውላል፤ ጋሼ ደረጀ የመርከብ ሰው ነው ይል ነበር፣ አባቴ ግን ሰይጣን ነው ብሎ ቆርጧል። ይህ ሁሉ ጫጫታ ሱቅ ውስጥ ሲንጫጫ የሰነበተባት የጋሼ ታደሰ ሚስት አንድ ቀን መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ «ወይ እኔን ወይ ይህን ሽሽ የሚል እባብ ምረጥ!» አለች አሉ። ጋሼ ደረጀም ለወንድሙ ትዳር ሲል ደብረ ሲና ላለው ሬዲዮ ቁልፍ ሠራለት። ቁልፉ ብረት አይደለም፤ ድምፅ ነው። ሬዲዮው ጆሮውን ደፍኖ ይቀመጣል፤ መኪና ቢያልፍ፣ መብረቅ ቢወርድ ትንፍሽ አይልም፤ ከእኛ ዘንድ አንዲት የተወሰነች ቀጭን «ቲዪዪዪ» ስትደርሰው ብቻ ይከፈታል። ንግግር እስካለ ተከፍቶ ይቆያል፣ ዝምታው ከረዘመ ይዘጋል፤ ተዘግቶ ሳለ ደግሞ ከዚያም ወደ እኛ መናገር አይቻልም። ያችን «ቲዪዪዪ» የምታወጣው ሳጥን የክብሪት ቤት ታህላለች፤ የምትቀመጠውም እኛ ዘንድ ነበር።

ሳጥኗን ግን ቆላው አልተስማማትም። በጠዋት ትክክለኛዋን ድምፅ ታወጣለች፤ ቆርቆሮው ሲግል የክራር ጅማት እንደሚረግበው ትረግባለች። ለእኛ ጆሮ ያው ናት፤ ለደብረ ሲናው ሬዲዮ ግን የማያውቃት እንግዳ ናት፣ በሩን አይከፍትላትም። ታዲያ ለምን በጠዋት አትነጋገሩም የሚል ይኖራል። እናቴ በጠዋት ከቤት እንዳትወጣ ተከልክላለች፤ የደብረ ሲና የጠዋት ጉም እንኳን ወባ ያደከመውን ሰው በሬውንም ያስላል። እሷ ፀሐይ ወጥቶላት መንገዱን ስትሻገር፣ የእኛዋ ሳጥን ፀሐይ ወጥቶባት አብዳለች። እናቴን የሚያድናት ፀሐይ እኔን ከእናቴ ይለየኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ደረጀ ላቡ እየተንጠባጠበ መጫኛዋን ይዞ «ደብረ ሲና! ደብረ ሲና!» ሲል፣ እኔም ከጎኑ ለማልቀስ ስዘጋጅ፣ ሰይድ በመስኮቱ ብቅ አለ። ሰይድ የጎረቤታችን የሐጂ ይማም ልጅ ነው፤ ከእኔ በትንሽ ይበልጣል፤ እናቱ እሱ መልኳን ሳያውቅ ነው የሞተችው። ሐጂ ይማም ከሮቢ ወንዝ ማዶ ማሽላ ያርሳሉ። በእኛ አገር ማሽላ ሲያሽት ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና ይወርድበታል፣ ስለዚህ ልጅ የተባለ ሁሉ ማማ ላይ ተሰቅሎ በወንጭፍ፣ በጩኸትና በፉጨት ወፍ ሲጠብቅ ይውላል። ሰይድ ወንጭፍም አይዝ። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ይከትና አንዲት የማትወላውል፣ እንደ መርፌ የቀጠነች ፉጨት ይለቃል፤ ግሪሳው ጎጆውንም ልጆቹንም ረስቶ ወደ አፋር ይሸሻል። ያን ዕለት ጋሼ ደረጀን «ጋሼ፣ ወፍ ነው የሚጠብቁት?» ብሎ ቀለደና በዚያው ፉጨቱን ለቀቀው። የጋሼ ደረጀ ጣት መጫኛው ላይ ነበር። ለቀቅ ሲያደርገው ከደብረ ሲና የጋሼ ታደሰ ድምፅ መጣ፦ «ማነው ባለጌው የሚያፏጭብኝ? ደንበኛ ይዣለሁ እኮ!»

ጋሼ ደረጀ ሰይድን በመስኮት ጎትቶ አስገብቶ ግንባሩን ሳመው። ከዚያን ቀን ወዲህ የእናቴ በር የሚከፈተው በሰይድ አፍ ሆነ። እስቲ ፍረዱኝ። የወለደችኝ እናቴ፣ የእኔ እናት፣ ከጎረቤት ልጅ ምራቅ በኋላ ነው የምትገኘው! ያውም መክፈት ብቻ አይደለም፤ ወሬው ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ሬዲዮው እንዳይዘጋ እንደገና ማፏጨት ስላለበት፣ በእኔና በእሷ መሀል ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እኔ «እማዬ፣ መቼ ነው...» ስል እሱ «ፊዪዪት!»

ይባስ ብሎ እኔ ቅዳሜ ለአባቴ ወፍጮ ቤት ምሳ አድርሼ፣ እስኪበላም ወፍጮውን ጠብቄለት ስለምመጣ ሁልጊዜ ሰይድ ይቀድመኛል። ከውጭ ስሰማ እናቴ ትናገራለች፣ ትናገራለች፤ ሰይድ «እሺ እትዬ፣ አብሽሪ እትዬ» ይላል። በሩን ስገፋ ወሬው እንደ ተቆረጠ ክር ይቀራል። ለእኔ የሚደርሰኝ «ትምህርትህን አጥና፣ አባትህን ታዘዝ፣ እኔ ደህና ነኝ» ነው። መቼ ትመጫለሽ ስላት «በል ደህና ሁን» ትለኛለች።

«ምን አለችህ?» እለዋለሁ ሰይድን ስንወጣ።

«ምንም።»

«ምንም ይህን ያህል ይረዝማል?»

«ወላሂ ምንም» ይልና ያፏጫል። ያ ፉጨት በአጥንቴ ውስጥ ያልፍ ነበር። ማታ ማታ የእናቴን ነጠላ አቅፌ ጋደም ስል የማስበው ስለ እሷ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰይድ ሆነ፤ ሁለት የፊት ጥርሱ ቢወልቅ፣ አንድ ግሪሳ ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ጎጆ ቢሠራ፣ ከንፈሩን ንብ ቢስመው። ያኔ የቀናሁትን ቅናት ወፍጮ ቤት ወስደው ቢያስፈጩት ከቀወት እስከ ጣርማ በር ያለውን ሕዝብ አንድ ክረምት ይቀልባል።

ስለዚህ ማፏጨት ልማር ቆረጥኩ። ቤት ውስጥ ስሞክር አባቴ «ማነው እባብ የሚጠራብኝ?» ብሎ ሲጮህ እባቦቹ በድንጋጤ አገር ለቀቁ። ሮቢ ወንዝ ዳር ወረድኩ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምራቅ ብቻ ነበር፤ ወንዙ በበጋ ሞልቶ ማዶ ያሉ ገበሬዎች መሻገሪያ አጡ። ቀጥሎ የሆነ ነፋስ ወጣ፤ ያገሩ ውሻ ተሰበሰበ። ከንፈሬ አብጦ የበሰለ ማንጎ መሰለ። ግሪሳው ራሱ ሊያዝንልኝ ማሽላውን ትቶ ዛፉ ላይ ሰፈረ መሰለኝ። እኔ ግን አልተውኩም፤ ሰው ለትምህርት እንዲህ ቢተጋ እንኳን የወፍጮ ቤት ልጅ ሚኒስትርም ይሆናል። በመጨረሻም አንድ ቀን ጣቶቼ መሀል የሆነ ነገር ሹል ብሎ ወጣ። ቀጥ ያለ፤ የማይወላውል። ራሴ ደንግጬ ዞር አልኩ፤ ሰይድ የመጣ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ የአባቴ ወፍጮ ቺንጋ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጠሰና ወፍጮው ቆሞ የማደርሰው ምሳ ቀረ። ሮጬ ጋሼ ደረጀ ጓዳ ገባሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰይድን ቀደምኩት። ለካስ እሱ ጭራሽ አይመጣም ኖሯል፤ ማሽላው ሊታጨድ ስለደረሰ ሐጂ ይማም ከማማው እንዳትወርድ ብለውታል።

«እንግዲህ ለሚመጣው ቅዳሜ» አለ ጋሼ ደረጀ።

«እኔ አፏጫለሁ።»

«አንተ?» ያበጠ ከንፈሬን አየና መጫኛዋን ሰጠኝ። «ከንፈርህን ንብ ነደፈህ እንዴ? በል ሞክር።»

የመጀመሪያው ከሸፈ። ሁለተኛውን ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅኩት። ጣቴን ሳነሣ ያ «ሽሽሽሽ» ተቆረጠ፣ እና እናቴ መጣች፦

«ሰይድዬ! የኔ ልጅ፣ ቶሎ ልጠይቅህ እሱ ሳይመጣ። እህ፣ በላ በዚህ ሳምንት? አባቱ በልቷል ይለኛል፤ እሱ መጮህ እንጂ ምን ያውቃል! አሁንም ነጠላዬን አቅፎ ነው የሚተኛው? እንዳትስቅበት አደራ፤ ማወቅህንም አታሳየው። ረቡዕ ዕለት ያ ብርድ ብርድ የሚለኝ ተመልሶ ያዘኝ፤ ይህን ለሱ እንዳትነግርብኝ፤ ደህና ናት በለው። ካኮረፈህ ደግሞ ቻለው ልጄ። እሱ ሲወድ ነው የሚቀናው፤ ድመቷን እንኳ እግሬ ሥር አታስተኚ የሚለኝ ልጅ ነው። እግዜር ያሳድግህ፣ ክፉ አይንካህ፣ ለቁም ነገር ያብቃህ። ጨርሻለሁ።»

እኔ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ «እማዬ፣ እኔ ነኝ!» እያልኩ ነበር፤ ግን የእናቴ ጣት መጫኛው ላይ ነው፣ ማን ይሰማኛል? ነጠላው ላይ ስትደርስ ጋሼ ደረጀ ቀና ብሎ ጣራውን መመርመር ጀመረ፤ ዝናብ በሌለበት አገር የሚያፈስ ቀዳዳ የሚፈልግ ይመስል።

ተጫንኩ። «እማዬ፣ ሰይድ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሽሽሽሽ። ከዚያ፦ «አንተ! ማነው ማፏጨት ያስተማረህ?» ቀጥሎ ደግሞ ያ ዝግ ያለ ሳቋ። «ሰምተኸኛላ እንግዲህ። ይሁን። ታዲያ በላህ ወይ?»

በልቻለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀደመኝ፤ እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ዝምታው ረዘመ፣ ደብረ ሲና ያለው ሬዲዮ የሚናገር አጣና ተዘጋ። «አፏጭ!» አለኝ ጋሼ ደረጀ። ሞከርኩ። የሚያለቅስ ከንፈር ምንም ቢሉት አያፏጭም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ነፋሱን ይበትነዋል። እናቴ ወዲያ ማዶ ተቀምጣለች፤ ልጄ ምን ሆነ እያለች ይሆናል፤ እኔ እዚህ ሆኜ በሯን ማንኳኳት አቅቶኛል።

ወደ ቤት ሮጥኩ። አባቴ ግቢ ውስጥ ቺንጋውን ሲሰፋ አገኘሁትና እየተንሰቀሰቅኩ ነገርኩት። ዕቃውን ወረወረና «ሰይድን ጥራው! ወፉን እኔ እጠብቃለሁ!» አለ፤ መጥራቱ እንኳ አላስፈለገኝም፣ ሰይድ ማዶ ሆኖ ሰምቷል። ወንዙን ስንሻገር ከማማው ወርዶ ወደ እኛ ይሮጥ ነበር። አባቴ ጋቢውን አሸርጦ ማማው ላይ ወጣ። ያን ቀን ያሰማውን ጩኸት እናንተ ባትሰሙም ወፎቹ ለልጅ ልጆቻቸው ሳይነግሩ አይቀሩም። ሐጂ ይማም በድንጋጤ ከቤታቸው ወጥተው «ጌታው፣ ይብቃዎት! ወፉ አዋሽን ተሻግሯል፤ አሁን ከብቶቼ ሊሄዱ ነው!» አሉት።

ሰይድ እያለከለከ ጋሼ ደረጀ ጓዳ ገባ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ አፏጨ። ተከፈተ። ከዚያ መጫኛዋን በእጄ ላይ አስቀመጠልኝና ወጥቶ በሩን ከውጭ ዘጋልኝ።

ያን ዕለት እናቴ አልደበቀችኝም። «የምመጣበትን ቀን አላውቀውም ልጄ። አውቃለሁ ብዬ አልዋሽህም። ያወቅኩት ዕለት ግን ከሰው ሁሉ በፊት ላንተ እነግርሃለሁ» አለችኝ። ቃሏንም ጠበቀች። በጋው ሲጋመስ አንድ ቅዳሜ ከአባቴም ከሰይድም በፊት ለእኔ ነገረችኝ፤ እኔም ዜናውን ለሰይድ እስከ ማታ ድረስ ደበቅኩት። «ምን አለችህ?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። ያን «ምንም» ስል የተሰማኝን ጣዕም እስከ ዛሬ በማር አልለውጠውም። በሳምንቱ ከሲታ ሆና፣ የደጋ ድንችና ባቄላ ተሸክማ ካውቶቡስ ወረደች፤ መጀመሪያ እኔን ሳመች፣ ቀጥሎ ሰይድን። ስሞሹን ቆጥሬ እኩል ሆነብኝና ተናደድኩ።

ጋሼ ደረጀ ከነሽቦው ካለፈ ቆይቷል። ማሽላው ቦታ ላይ ዛሬ ቤቶች ቆመዋል፤ ማማ ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ እዚያ ኳስ ይጫወታል። እናቴ ወባውን አሸንፋ፣ አባቴን ቀብራ፣ ልጆቼን አይታ፣ በእርጅናዋ አረፈች። ለቅሶው ላይ ሰይድ፣ አሁን ሪዙ የሸበተ የተከበረ ነጋዴ ነው፣ ከእኔ በላይ አለቀሰ። እያንዳንዱ ለቀስተኛ ሲገባ መጀመሪያ እሱን «አላህ ያጥናህ፣ እግዜር ያጥናህ» ይለዋል፤ እኔን ጎረቤት ያደርገኛል። አላስቻለኝም። ጠጋ ብዬ «አንተ ሰውዬ፣ እዚህም ቀደምከኝ?» አልኩት በጆሮው።

ዓይኑን በመሀረብ ጠረገና ሣቅ እንደማለት አለ። «አንተ ትቀናለህ? ወላሂ የምቀናውስ እኔ ነበርኩ» አለኝ። «ሰይድዬ ብላ ስትጠራኝ ልቤ ዘሎ ይነሣል። ወዲያው በላ ወይ ትለኛለች። ያንተን ነው የምትጠይቀኝ። ሰይድ በላ ወይ ብላ የምትጠይቀው ሌላ ልጅ ቢኖርስ እያልኩ ነበር ማማው ላይ የምውለው።»

 ዕድሜዬን ሙሉ የአገሩ የቅናት ሻምፒዮን ነኝ ብዬ ስኖር፣ ለካ በዚያም በልጦኝ ኖሯል። ከድንኳኑ ጥግ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ንፍሮው ዞረ፣ ምግቡ ቀረበ፤ ብሉ እንጂ፣ ምነው አትበሉም እያለ ሊያጎርሰን የሚንጠራራ ሰው ሞልቶ ነበር። ከኋላችን ሆና በላ ወይ ብላ የምትጠይቅልንን ግን ቀብረናት መምጣታችን ነበር።